«ይወድቃል» የሚባለው የወተት ጥርስ

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የምኖር የሦስት ልጆች እናት ነኝ። በሰፈራችን አንድ ሕፃን ጥርሱን ሲያመው ከጎረቤትም ከመድኃኒት ቤትም የሚሰማው መልስ «የወተት ጥርስ እኮ ነው፣ ይወድቃል» የሚል ነው። እኔም ይህንኑ እያልኩ ቆይቼ፣ በልጄ መንጋጋ ውስጥ የተደበቀውን ለማወቅ አንድ ዓመት ገደማ ፈጀብኝ። ሌላ ወላጅ የእኔን ያህል እንዳይዘገይ ይህን ጽሑፍ እንዲያወጡልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ልጄ ሰባት ዓመቱ ላይ በግራ በኩል ያለው የታችኛው የመጨረሻ የወተት መንጋጋ ጥርሱ ተበልቶ፣ ሌሊት ሌሊት እየቀሰቀሰ ያስለቅሰው ነበር። ቅርንፉድ አስነክሼው ያድራል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሕመሙ ጨርሶ ሲጠፋ ተመስገን አልኩ፤ ሕመሙ የጠፋው ግን ጥርሱ ስለዳነ ሳይሆን በውስጡ ያለው ነርቭ ስለሞተ እንደነበር የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ቀጥሎ ድዱ ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ብጉር ወጣች። ትፈነዳለች፣ መግል ታፈሳለች፣ ትጠፋለች፣ ተመልሳ ትመጣለች። በአቅራቢያችን ወዳለ አንድ ክሊኒክ ሦስት ጊዜ ወስጄው ሦስቱንም ጊዜ አሞክሲሲሊን ታዘዘለት እንጂ ስለ ራጅ ያነሳልኝ ሰው አልነበረም።

መድኃኒቱ እብጠቱን ለጊዜው ያስታግሳል፤ በጥርሱ ውስጥ የበሰበሰውን ነርቭ ግን አያወጣም፤ ምንጩ እስካልተነካ ድረስም መግሉ መመለሱ አይቀርም። በወተት መንጋጋ ጥርስ ላይ ኢንፌክሽኑ አጥንቱን መብላት የሚጀምረው ብዙ ጊዜ በሥሮቹ መካከል ሲሆን፣ ተተኪው ቋሚ ጥርስ እየተሠራ ያለውም እዚያው በመሆኑ፣ ነገሩ ከቆየ ቋሚው ጥርስ ቡናማ ነጠብጣብ ይዞ ወይም ሽፋኑ ጎድጉዶ ሊበቅል ይችላል። ይህ ደግሞ አፍ ከፍቶ በማየት ብቻ አይታወቅም፤ ራጅ ያስፈልጋል። «ይወድቃል» የሚባለው ያ ጥርስም ቢሆን በጊዜው የሚወድቀው ከ10 እስከ 12 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ገና ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ሊያኝክበት ነው ማለት ነው።

ልጄ ስምንት ዓመት ሲሆነው ጉንጩ በዚያው በኩል ወጣ ማለት ጀመረ። በጣቴ ስዳብሰው እንደ አጥንት ጠንካራ ነው፤ አያመውም፣ አያተኩሰውም። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነስተን፣ በቃሊቲ አድርገን መሐል ከተማ ወደሚገኝ ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሟ ራጁን ብርሃን ላይ አድርገው ሲያሳዩኝ ከተበላው ጥርስ ሥር ዙሪያው በነጭ መስመር የተከበበ ጥቁር ጥላ አየሁ፤ ከጥላው በታች፣ መንጋጋው ጠርዝ አጠገብ ተገፍቶ የተኛው ቋሚ ጥርሱ ነበር። ሲስት ይባላል፤ ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት ሲሆን በወተት ጥርስ ሥር ብዙ አያጋጥምም፣ ሲያጋጥም ግን ያለ ሕመም ቀስ እያለ ስለሚያድግ ይዘነጋል።

የተበላው ጥርስ ተነቀለ፤ ከረጢቱ ተከፍቶ ፈሳሹ ወጣ፣ ከግድግዳው የተቆረጠው ሥጋም በማይክሮስኮፕ ለሚደረግ የፓቶሎጂ ምርመራ ተላከ። ክፍቱ ቶሎ እንዳይዘጋ መድኃኒት የተነከረ ፋሻ ይገባበትና በየጊዜው ይቀየር ነበር። ቋሚውን ጥርስ አልነኩትም። ከስድስት ወር በኋላ በተነሳው ራጅ አጥንቱ እየሞላ፣ ጥርሱም ወደ ቦታው ከፍ እያለ ማየቴን ሳስታውስ አሁንም ዓይኔ እንባ ያቀርራል።

በጊዜው ደርሰን ቢሆን ኖሮ ግን ይህ ሁሉ ላያስፈልግ ይችል ነበር። ነርቩ ሙሉ በሙሉ ሳይሞት ቢታይ የታመመው የላይኛው ክፍል ብቻ ተወግዶ፣ ሞቶ ከሆነም የሥሩ ቦይ ተጠርጎ ከሥሩ ጋር አብሮ በሚሟሟ መድኃኒት ተሞልቶ፣ ጥርሱ የብረት ሽፋን ለብሶ እስከ መውደቂያው ሊያገለግል ይችላል። መነቀል ግድ ከሆነ ደግሞ የጎን ጥርሶች ተጠግተው የቋሚውን ቦታ እንዳይዘጉ ክፍተት ጠባቂ የሚባል ትንሽ መሣሪያ ሊያስፈልግ ይችላል፤ ይህን ጥያቄ ወላጅ ራሱ አንስቶ ሐኪሙን ይጠይቅ። እብጠቱ ወደ ዓይን ወይም ወደ አንገት ከወረደ፣ ትኩሳት ካለው፣ ወይም ልጁ መዋጥ ከተቸገረ በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ አለበት።

የሚመለከታቸውን የጤና ኃላፊዎች የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። በከተማችን ዳርቻ ባሉ ጤና ጣቢያዎች የጥርስ ራጅ ይኑር፤ ብዙ ሺህ ቤተሰብ በሚኖርበት ሰፈር ለአንዲት ትንሽ ፊልም ግማሽ ከተማ ማቋረጥ አይገባንም። ሁለተኛው ወጪ እንኳ የለውም፦ ልጆች በ15 ወራቸው ለሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት ሲመጡ የፊት ጥርሶቻቸው በአብዛኛው ወጥተዋልና፣ ክትባት የሚሰጡት ባለሙያዎች ከንፈራቸውን ገለጥ አድርገው ይዩላቸው፣ ለእናቶችም ድድ ላይ የምትወጣው ያቺ ትንሽ ብጉር ምን እንደሆነች ይንገሩን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት እናት፣ ከቱሉ ዲምቱ