የቦኖው ጥያቄ መልስ የት ገባ? ለዞናችን ኮሙኒኬሽን መምሪያ ኃላፊ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኃላፊ፣

የጥሪ ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ቁጥር አለው፣ ማኅተም አለው፣ ፊርማዎም አለበት። «የአካባቢ ሚዲያ ሚና ለሰላማዊ፣ ፍትሐዊና ተዓማኒ ምርጫ» በሚል ርዕስ የግማሽ ቀን መድረክ አዘጋጅታችኋል። እኔም «እንደ ባለድርሻ አካል» ተጋብዣለሁ። ግርጌው ላይ የሻይ ቡናው ሰዓት ሳይቀር ተጽፏል።

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ከቢሮዎ የደረሰኝ የመጀመሪያው ወረቀት ይሄ ነው። እኔ በበኩሌ ሬዲዮው ስላላስተላለፈው የዕጩዎች ክርክር ለዚህ ቢሮ አራት ደብዳቤ ጽፌያለሁ። አራቱም መዝገብ ቤት ገብተው ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። ቅጂዎቹ እጄ ላይ ናቸው። ለአንዱም መልስ አልመጣም። ስለዚህ አምስተኛውን ሰው እያየው ልጻፈው ብያለሁ።

ስምዎን አልጠራም፣ ዞኑንም አልጠራም። የሚያውቅዎ ያውቅዎታል። ድሮ የሥነ ዜጋ ክፍለ ጊዜ ላይ «አንተ» ነበር የምልዎት። ዛሬ አንቱ የምለው ለወንበሩ ነው።

ነገሩን እርስዎ በደንብ ያውቁታል። ለአንባቢ ስል ልድገመው።

ግንቦት 2013 ነው። 6ኛው ጠቅላላ ምርጫ ሊደርስ ሳምንታት ቀርተውታል። በከተማችን አዳራሽ የዕጩዎች ክርክር አዘጋጀን፣ መድረኩን እንድመራ እኔ ተመረጥኩ። አራት ዕጩዎች መጡ። አንዱ ከገዢው ፓርቲ፣ ሁለቱ ከተፎካካሪ ፓርቲዎች፣ አራተኛው የግል ዕጩ። ፕላስቲክ ወንበሩ አልበቃ ብሎ ሰው በመስኮት ተንጠልጥሎ ይሰማ ነበር። ማይኩ በየአምስት ደቂቃው ይጮሃል። የአካባቢያችን ኤፍ ኤም ጋዜጠኛም መቅረጫውን ይዞ ከፊት ተቀመጠ። «ክርክሩ ነገ ማታ ሙሉውን ይተላለፋል» ብሎ ራሱ ነው ለታዳሚው የነገረው። ሰው አጨበጨበለት።

ከኋላ አንዲት ሴት ተነሳች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራለች። ጥያቄዋ አጭር ነበር፦ «የሰፈራችን ቦኖ ከደረቀ ስምንት ወር ሆነው። ማነው የሚያስጠግነው? መቼ?» ይህን ጠየቀችና መልሱን ሳትሰማ ወጣች። ጀሪካኖቿን ታች ምንጩ ጋ ወረፋ አስይዛ ነበር፣ ተራዋ ሊያልፍ ነው። ስትወጣ በጎኔ ስታልፍ «ነገ በሬዲዮ እሰማዋለሁ፣ መምህር» አለችኝ።

መልሱ ጥሩ ነበር፣ ክቡር ኃላፊ። ከዚያ ምሽት ሁሉ የተሻለው ክፍል እሱ ነበር። የግል ዕጩው ተነስቶ ውሃው አልደረቀም አለ። ጉድጓዱ ሙሉ ነው፣ የተቃጠለው የፓምፑ ትራንስፎርመር ነው አለ። አንዱ የተፎካካሪ ፓርቲ ዕጩ ሌላ ጉድጓድ ካልተቆፈረ መፍትሔ የለም ብሎ ተከራከረው። ከዚያ የገዢው ፓርቲ ዕጩ ማይኩን ያዘ። ልጁን እግዜር ይስጠው፣ አልዋሸም። «ለትራንስፎርመሩ ገንዘብ ተመድቦ ነበር፣ ለሌላ ሥራ ዞሯል፣ እኔ ከተመረጥኩ እንዲመለስ እታገላለሁ» አለ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ከዚያ ተጨበጨበ፤ ከሁሉ በላይ የተጨበጨበው ለእሱ ነበር።

በማግስቱ ማታ ሬዲዮ ከፍተን ተቀመጥን። ባለቤቴ ቡና አፍልታ ጎረቤት ጠርታለች። 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ከፈጀው ክርክር የወጣው 1 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ዜና ነበር። እስከዛሬ በቃሌ እወጣዋለሁ፦ «ምርጫው ሰላማዊ፣ ፍትሐዊና ተዓማኒ እንዲሆን ሁሉም የበኩሉን ድርሻ እንዲወጣ ተጠየቀ።» የጠየቁት መድረኩን የከፈቱት የዞኑ ተወካይ ናቸው። የአራቱ ዕጩዎች ስም እንኳ አልተጠራም። ከዚያ ወዲያው ከአዲስ አበባ በቅብብሎሽ የሚመጣው የዜና ሰዓት ገባ፤ እዚያ ደግሞ የፓርቲ መሪዎች አገር አቀፍ መግለጫ፣ የውጭ ታዛቢዎች ጉዳይ፣ የምርጫ ቦርዱ ዝግጅት። ጎረቤቴ ስኒዋን አስቀምጣ «የእኛስ?» አለች።

እኔም ይህንኑ ጥያቄ ይዤ ቢሮዎ መጣሁ። ጸሐፊዋ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» አለችኝ። በሦስተኛው ቀንም ስብሰባ ላይ ነበሩ። ደብዳቤ ጻፍኩ፣ «ለጣቢያው ይመራ» ተብሎ ተመራ። ጣቢያው ሄድኩ፣ «ከመምሪያው መመሪያ እየጠበቅን ነው» አሉኝ። መምሪያው ስመለስ «ጣቢያው ነጻ ነው፣ በኤዲቶሪያል ሥራ ጣልቃ አንገባም» ተባልኩ። ይህን የሰማሁ ዕለት እስከ ቤቴ ድረስ ብቻዬን እየሳቅሁ ነው የሄድኩት። በመጨረሻ አንድ የጣቢያው ሰው ኮሪደር ላይ ጠጋ ብሎኝ እውነቱን ነገረኝ። «መምህር፣ የአገር ጉዳይ ይቀድማል። የቦኖ ነገር ማንን ይስባል?»

እንግዲህ የመጀመሪያው ደብዳቤዬ ዕድሜ አሁን ከአንድ የምክር ቤት ዘመን ጋር እኩል ሆነ። ሌላ ምርጫ ደርሶ እናንተም ስለ አካባቢ ሚዲያ ሚና ልትመካከሩ ነው።

ሕጉን ለእርስዎ አልጠቅስም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን ማስተናገድ እንዳለበት ይናገራል፤ ይህን ፈተና ላይ ጠይቄዎት በትክክል መልሰዋል። የምርጫ አዋጁ፣ ቁጥር 1162/2011፣ ዕጩዎች በሚዲያ ፍትሐዊ በሆነ መንገድ እንዲጠቀሙ ያዛል። እርግጥ ነው፣ አየር ሰዓት ለፓርቲዎች ተደልድሎ ነበር። ግን ድልድሉን ተጠቅሞ የሚቀርበው የፓርቲው ቃል አቀባይ ነው፣ የሚናገረውም ስለ ፌዴራሊዝምና ስለ ምንዛሪ ነው። የሰፈራችን ዕጩ እዚያ የለም። የግል ዕጩማ ጭራሽ። ቃል አቀባይ የለው፣ ዋና ጽሕፈት ቤት የለው፣ አዲስ አበባ ላይ ስሙን የሚያነሳለት የለ። እሱን ሊያሰማ የሚችለው የአካባቢው ሬዲዮ ብቻ ነበር።

እኛ እኮ የምንመርጠው የፓርቲ መሪ አይደለም። በየምርጫ ክልላችን የቆመውን ሰው ነው። ብዙ ድምጽ ያገኘው ያልፋል፣ ለ5 ዓመት ይቀመጣል። ይሄው ሕገ መንግሥት አመኔታ ያጣንበትን ተወካይ ማንሳት እንደምንችልም ይላል። ሰውየውን ድምጹን እንኳ ሳንሰማ እንዴት ነው አመኔታ የምናጣበት?

በ2013 ከ9 ሺህ በላይ ዕጩዎች ተወዳድረዋል። ማዕከላዊው ዜና እነዚህን ሁሉ ያዳርስ የሚል የለም፣ እኔም አልልም። የተቆጣሁት በአዲስ አበባ አይደለም። እነሱ ሥራቸውን ሠሩ። የተቆጣሁት የእኛን ሥራ እዚሁ ተቀምጦ ባልሠራው ነው።

አገር አቀፍ ዜና የሚጠላ ሰው አድርገው እንዳያዩኝ። የ1997ቱን ክርክር በአንድ ሆቴል ቴሌቪዥን ቆሜ ነው የተከታተልኩት። ሰው ምራቁን ሳይውጥ ይሰማ ነበር። ያን ጊዜ የከተማችን ሊስትሮ ሳይቀር የተከራካሪዎቹን ስም በቃሉ ይጠራ ነበር፣ የኢሕአዴግ ንብ ወይስ የቅንጅት ሁለት ጣት እያለ ጫማ እየቦረሸ ይሟገት ነበር። ትልቅ ነገር ነበር። ግን ያኔም ከድምጽ መስጫው ስንመለስ አንድ ባልደረባዬን «ማንን መረጥክ?» ብለው የምልክቱን ስም ነገረኝ። «ሰውየውንስ?» ስለው ትከሻውን ነቀነቀ። ያኔ አዲስ ነገር ነበርና ይቅር አልን።

አሁን ደግሞ ዩቲዩብ አለ። የጎረቤቴ ልጅ ዋሽንግተን ሆኖ የሚተነትን ሰው በየቀኑ ያያል። የትኛው ፓርቲ ውስጥ ማን ከማን እንደተጣላ ያውቃል፣ ማን ማንን በምን ቃል እንደሰደበ ያውቃል። ከእኛ ቤት ሦስት ቤት አልፎ የሚኖረውን ዕጩ ግን አያውቀውም። ሲያገኘው ሰላም ይለዋል፣ የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ መስሎት። ልጁን አልፈርድበትም፣ ከየት ይስማ?

ሰኔ 14 ቀን 2013። ይህን በየትኛውም ደብዳቤዬ ላይ አልጻፍኩትም።

ሰልፉ ረጅም ነበር። ድምጽ መስጫው እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተራዝሟል ተባለ። ከፊቴ ስድስት ሰው አልፋ ያቺ የቦኖዋ ሴት ቆማለች። ዞር ብላ አየችኝና ወረፋዋን ለሌላ ሰው አደራ ብላ መጣች። «መምህር፣ በሬዲዮ ጠብቄ አጣሁት። ስለ ቦኖው ምን አሉ? አስጠግናለሁ ያለ አለ? የቱ ነው? ምልክቱ የቱ ነው?»

የጥሞናው 4 ቀን ቅስቀሳ የተከለከለበት ነው። ምርጫ ጣቢያው በር ላይ ቆሞ ስለ ዕጩ ማውራት ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ለዓመታት ያስተማርኩት ነው። ታዛቢው ያየናል። መልሱን ግን ቃል በቃል አውቀዋለሁ፤ መድረኩን የመራሁት እኔ ነኝ። «እዚህ ማውራት አይቻልም፣ እህቴ» አልኳት። ለአፍታ ፊቴን አየችኝ። «እሺ» ብላ ወረፋዋ ተመለሰች። ከድምጽ መስጫው ስትወጣ ቀና ብላ አላየችኝም።

ሕጉን ያከበርኩት እኔ አፈርኩ። መልሱን የቆረጠው ሰው አበል ተከፍሎት ነው ያደረው።

ቦኖውን ጠይቀውኝ ከሆነ፣ ትራንስፎርመሩ ተቀይሯል። ከምርጫው አንድ ዓመት ከመንፈቅ በኋላ። ያንን ጣቢያችሁ ሰፊ ሽፋን ሰጥቶታል፣ ሪባን ሲቆረጥም ነበር።

መፍትሔ አምጣ ካሉኝ ትልቅ ነገር አልጠይቅም። በቅስቀሳው ወቅት ከቅብብሎሹ በፊት በሳምንት አንድ ሰዓት ለዚህ የምርጫ ክልል ዕጩዎች ይሰጥ። ክርክር ሲኖር ሳይቆረጥ ይተላለፍ፣ ማታም ጠዋትም፣ ውሃ የምትቀዳ ሴት በምትሰማበት ሰዓት። የመክፈቻ ንግግር ይቅር። ጋዜጠኞቻችሁን አውቃቸዋለሁ፣ ግማሾቹ ተማሪዎቼ ናቸው፣ ይችሉበታል። ለመሥራት የማን ፊት እንደሚያዩ እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል።

መድረኩ ላይ እገኛለሁ። አበሉን ለሌላ ባለድርሻ አካል ስጡልኝ። አንድ ነገር ብቻ አዘጋጁ፦ ድምጽ ማጉያ። ያን ምሽት ጋዜጠኛው ብቻ አልነበረም የቀረጸው። የእኔም ስልክ ጠረጴዛው ላይ በርቶ ነበር። 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ነው፣ ከማይኩ ጩኸት ጋር። ለሴትየዋም እንድትመጣ ነግሬያታለሁ፤ ጠዋት ከሆነ እመጣለሁ ብላለች፣ ከ4 ሰዓት በፊት ይጀመር።

ከሰላምታ ጋር
ጡረታ የወጣሁ የሥነ ዜጋ መምህርዎ

ግልባጭ፦ ለሬዲዮ ጣቢያው (ለሦስተኛ ጊዜ)