ማንኪያው በግራ እጅሽ ነበር

ልጄ፣

ዛሬ ማታ መጋረጃው ላይ የደረቀ ገንፎ በጥፍሬ ስፍቅ ነው ልጽፍልሽ ያሰብኩት። መጋረጃው ካንቺ ወንበር ቢያንስ ሁለት እርምጃ ይርቃል። ገንፎው እንዴት እዚያ እንደደረሰ የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። አንቺ ደግሞ ገና አታወሪም።

አይ፣ ዋሸሁ። አንድ ቃል አለሽ። «እኔ!»

አንድ ዓመት ከሰባት ወር ሞላሽ። ማንኪያ ወደ አፍሽ ሳስጠጋ ከንፈርሽን ግጥም ታደርጊና እጅሽን ትዘረጊያለሽ። «እኔ!» አባትሽ «አውሮፕላን መጣች» እያለ ያጎርስሽ ነበር። አሁን አውሮፕላኗ ማረፊያ አጥታለች።

ማንኪያ እንዲህ ከባድ ነገር መሆኑን አንቺን እስካይ አላውቅም ነበር። ዘጠኝ ወር ገደማ ላይ ስሰጥሽ በመጣልሽ በኩል ይዘሽ እጀታውን ትጠቢ ነበር። ጨዋታ መስሎኝ ሳቅኩ። በኋላ ሳነብ ነገሩ ያንቺ ብቻ አለመሆኑ ገባኝ። በፈረንጆች 1999 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ ምግብ ያለበት ማንኪያ ሕፃናት ፊት ያቀርባሉ፤ እጀታውን አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ያዞሩታል። የ9 ወሮቹ በሚመቻቸው እጅ ዘለው ይይዙና ብዙ ጊዜ እጀታውን አፋቸው ውስጥ ይከታሉ። የ14 ወሮቹም ይሳሳታሉ፣ ግን መንገድ ላይ ያርሙታል። የ19 ወሮቹ ገና ሳያነሱት የትኛው እጅ እንደሚያዋጣ ያውቃሉ። አንቺም ይኸው 19 ወርሽ ነው። ዛሬ ማንኪያውን ሆን ብዬ አዙሬ አስቀመጥኩልሽ። ቆም አልሽ፣ አየሽው፣ እጅ ቀየርሽ። እኔ አጨበጨብኩ፤ አንቺ ግራ ገብቶሽ አየሽኝ።

የቀረው ችግር የእጅሽ አንጓ ነው። ማንኪያውን እንደ ዘነዘና በሙሉ መዳፍሽ ትጨብጪዋለሽ። ትዝቂያለሽ፣ ሞልተሽ ታነሻለሽ፣ ልክ ከንፈርሽ ጋ ሲደርስ ይገለበጣል። ገንፎው ደረትሽ ላይ፣ ባዶው ማንኪያ አፍሽ ውስጥ። ባዶውንም ግን በደንብ ነው የምትልሺው። አንጓሽ እንደልብ መዞር እስኪለምድ ድረስ ምንም ማድረግ አይቻልም፤ የሚያዋጣው ምግቡን መምረጥ ነው። ሾርባ ጠላታችን ነው። ሩዝ ይበተናል። ከማንኪያው ጋር የሚጣበቅ ነገር ይሻላል፤ የምጥን ገንፎ፣ ጠበቅ ያለ ቂንጬ፣ ከአቮካዶ ጋር የተፈጨ ድንች። ሽሮም ቢሆን ፈሰሱ ሳይሆን ተጋቢኖው። ከወንበርሽ ሥር የተቀደደ ፌስታል አነጥፋለሁ። ውኃ በፈረቃ የሚጠፋ ቀን ግን ይቅር በይኝ፣ የዚያን ቀን ሙዝ ነው።

ሹካ ጋር ቶሎ ተግባባችሁ። ጫፉ ደነዝ ያለ ትንሽ ሹካ ገዛሁልሽ። መውጋት ከመዛቅ ይቀላል መሰለኝ፤ የተቀቀለ ካሮትና ፓፓያ እየወጋሽ ትጎርሻለሽ። አንድ ቀን እንጀራም ወጋሽ። ጥቅሉ እንዳለ ተንጠልጥሎ መጣና አፍንጫሽን መታሽ። ሹካውን ወርውረሽ በእጅሽ ያዝሽው። ጥሩ ውሳኔ ነበር።

እንጀራ በእጅ መቁረስም ቢሆን ቀላል አይደለም። ራሴን አስተዋልኩት። በአውራ ጣትና በሌባ ጣቴ እቆነጥራለሁ፣ በሌሎቹ ጣቶቼ ቀሪውን ተጭኜ እይዛለሁ፣ ከዚያ እስባለሁ። ይህ ሁሉ በአንድ እጅ ነው። አንቺ በሁለት እጅሽ ትቦጭቂዋለሽ።

ለብቻሽ ትበያለሽ ማለት ግን ብቻሽን እተውሻለሁ ማለት አይደለም። ባለፈው እንግዳ ሆና የመጣች ዘመዳችን መዳፍሽ ላይ ቆሎ አደረገችልሽ። ፈልቅቄ ወሰድኩት፤ አንቺም እሷም አኮረፋችሁኝ። ቆሎና ለውዝ የትንሽ ልጅ ጉሮሮ ይዘጋል። ቆሎ ካሻሽ አምስት ዓመት ሲሞላሽ እንነጋገራለን።

አያትሽ ይህን ሁሉ የምታየው እንደ ፊልም ነው። እሷ ያሳደገችኝ በመጋት ነው። ጭኗ ላይ አጋድማ፣ መዳፏን አፌ ላይ እንደ ጽዋ አድርጋ አጥሚቱን ታንቆረቁረዋለች። ልጅ ሲያለቅስ አፉን ስለሚከፍት ለቅሶው ራሱ ሥራ ያቀልላታል። ምግቡ ወደ ሳንባ ሊገባ ስለሚችል ሐኪሞች የሚቃወሙት ነገር ነው። ስነግራት «ታዲያ አንቺ ሞትሽ?» አለችኝ። መልስ የለኝም። የሷ ጭንቀት ግን ሌላ ነበር። ያኔ ልጅ መፋፋት ነበረበት፤ ፋፋ የሚባለው የሕፃናት ዱቄት ስሙም ያው ምኞት ነው። ሦስት ማንኪያ አፍሽ ገብቶ ሰባቱ መሬት ሲወድቅ አያትሽ የምታየው የወደቀውን ሰባት ነው።

ትናንት ደግሞ ሌላ ነገር አየች። ማንኪያው በግራ እጅሽ ነበር።

ቀስ ብላ ወደ ቀኝሽ አዛወረችው። መለስሽው። አዛወረችው። «እኔ!» ብለሽ ጮኽሽ፣ መለስሽው። እኔ ከምድጃው አጠገብ ቆሜ ሽንኩርት እከትፋለሁ። በግራዬ። የምጽፈው ግን በቀኜ ነው፤ አንደኛ ክፍል እያለሁ እርሳሱን ያዛወረልኝ መምህር ማስመሪያም ነበረው። እስካሁን የእጅ ጽሑፌ የሐኪም ነው ይሉኛል።

«እማዬ፣ ተያት» አልኳት። የየትኛው እጅ ሰው እንደሆንሽ ገና አልለየም፣ ብዙ ልጆች ላይ የሚለየው ከሁለት እስከ አራት ዓመት ባለው ነው፣ ከአሥር ሰው አንዱ ግራኝ ነው፣ ምናምን ብዬ አስረዳኋት። ዝም ብላ ሰማችኝ። «በግራ እጅ ከመሶብ ይበላል?» አለች በመጨረሻ። እውነት ለመናገር እኔም በግራዬ አልበላም። ከሰው ጋር አንድ ትሪ ላይ ተቀምጬ ግራ እጄን መዘርጋት አልችልም፤ ማንም ሳይከለክለኝ።

ብዙ ቆየች። ገንፎውን ትዝቂያለሽ፣ ይገለበጣል፣ ትዝቂያለሽ። አንዱ ሳይገለበጥ ገባ። አያትሽ ሳታስበው አብራሽ አፏን ከፈተች።

«እሺ» አለች። «እንጀራ በቀኟ። ማንኪያ እንደፈለገች። ማንኪያው ይታጠባል።»

ተስማማን። አንቺን የጠየቀሽ የለም።

ሌላው ጉዳይ፦ ስድስት የሻይ ማንኪያ ነበረን። አንዱን አባትሽ ጫማ ውስጥ አገኘሁት፣ አንዱ የልብስ ማጠቢያው ውስጥ ሲንኳኳ ተሰማኝ፣ ሦስቱ መሳቢያ ውስጥ ናቸው። ይህን ማንበብ ስትችዪ ስድስተኛው የት እንደገባ ካስታወስሽ ንገሪኝ።

እናትሽ