ዴኩ አላጫውት ያለው ዲስክ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ አባባ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ቪዲዮ የጻፉበት ዲቪዲ ዲስክ ኮምፒውተሩ ላይ እየተጫወተ ዴኩ (ከቴሌቪዥኑ ጋር ያለው ማጫወቻ) እምቢ አለ ያሉኝን ነገር በስልክ ላስረዳዎት ብል መስመሩ አያስጨርሰንም፤ አንድ እጅዎም ስልኩ ላይ ሆኖ አይመችዎትም ብዬ በጽሑፍ አድርጌዋለሁ። አጠገብዎ ያስቀምጡትና ቀስ ብለው ይሥሩበት።

አዲስ ራይተር (ዲስክ ላይ የሚጽፈውን መሣሪያ) ልግዛ ወይ ላሉኝ፣ ገና ነው፤ አይግዙ። ኮምፒውተሩ ላይ እየተጫወተ ዴኩ ላይ «ኖ ዲስክ» የሚል ከሆነ ብዙውን ጊዜ ራይተሩ ጥፋት የለበትም፤ የታዘዘውን ጽፏል። ኮምፒውተር ያገኘውን ሁሉ ያነባል። የሳሎን ዴክ ግን የሚያውቀው የአጻጻፍ ዓይነት ጥቂት ነው፤ ከዚያ ውጭ የመጣውን እንደሌለ ይቆጥረዋል። ስለዚህ «ኮምፒውተሩ ላይ ሠርቷል» የሚለውን እንደ ምስክር አይውሰዱት።

የተበላሸ የመሰለዎትን ዲስክ አይጣሉት፤ ምርመራው ከሱ ነው የሚጀምረው። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያስገቡና «ዚስ ፒሲ» ውስጥ የዲስኩን ምልክት በማውሱ ቀኝ ተጭነው «ኦፕን» ይበሉ። ሁለቴ ጠቅ ካደረጉት መጫወት ሊጀምር ይችላል እንጂ ውስጡን አያሳይዎትም። የሚታየው ከስልክ የመጣው ፋይል እንዳለ ከሆነ፣ ማለትም ስሙ በ«ኤምፒ ፎር» ካለቀ፣ ዲስኩ የፋይል ማስቀመጫ ብቻ ሆኗል፤ የቆየ ዴክ አይከፍተውም። ትክክለኛ የቪዲዮ ዲስክ ውስጥ «ቪዲዮ ቲኤስ» የሚባል ፎልደር አለ። በሱ ውስጥ ስማቸው በ«አይኤፍኦ»፣ በ«ቢዩፒ» እና በ«ቪኦቢ» የሚያልቁ ፋይሎች ተደርድረው ያገኛሉ። ምስሉና ድምፁ ያለው ቪኦቢዎቹ ላይ ነው፤ እያንዳንዳቸው ከ1 ጊጋባይት ስለማይበልጡ አንዱ ሰርግ አራት አምስት ቦታ ተቆራርጦ ቢያዩት አይደንግጡ። አይኤፍኦው ለዴኩ ምን የት እንዳለ ይነግረዋል፤ ቢዩፒው የሱ ቅጂ ነው። ይህ ሁሉ እያለ ዴኩ ካላነበበ ብቻ ነው ዲስኩንና ሌንሱን የምንጠረጥረው።

ሰው ሁሉ የሚስተው ዊንዶውስ ባዶ ዲስክ ሲገባለት በሚያወጣው ጥያቄ ላይ ነው። አንዱ ምርጫ «ላይክ ኤ ዩኤስቢ ፍላሽ ድራይቭ» ይላል፤ ሌላው «ዊዝ ኤ ሲዲ ዲቪዲ ፕሌየር»። የመጀመሪያው በየጊዜው ፋይል እንዲጨምሩበት ዲስኩን ክፍት የሚተው ነው፤ ዴክ አይወደውም። የሁለተኛው ስም ያታልላል። ዲስኩን ይዘጋዋል፣ ግን ፋይሉን እንዳለ ገልብጦ ነው፤ ዴኩ ወደሚፈልገው፣ ኤምፔግ 2 ወደሚባለው የቪዲዮ አጻጻፍ አይለውጥልዎትም። ዊንዶውስ 7 ላይ የነበረው ዲቪዲ ሜከር ይለውጥ ነበር፣ ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ግን አብሮ አይመጣም። ስለዚህ ጥያቄው ሲመጣ ሁለቱንም ትተው «ካንስል» ይበሉት።

የሚያስፈልጉዎት ሁለት ነጻ ፕሮግራሞች ናቸው፦ ቪዲዮውን የሚያዘጋጀው ዲቪዲ ስታይለር እና ዲስኩ ላይ የሚጽፈው ኢምግበርን። ዲቪዲ ስታይለር ብቻውንም በርን ያደርጋል፣ ማለትም ዲስኩ ላይ ይጽፋል፤ እኔ ግን ሥራው ቢከፈል እመርጣለሁ። ስህተት ቢፈጠር የቱ ላይ እንደሆነ ይታወቃል፣ ዲስክም ከንቱ አይቃጠልም። ሲጫኑ ሌላ ፕሮግራም አብሮ ልጫን የሚል ጥያቄ ከመጣ እምቢ ይበሉ።

ከዚያ በፊት ቪዲዮዎቹን አንድ ፎልደር ውስጥ ይሰብስቡና ስማቸውን በእንግሊዝኛ ፊደል አጭር አድርገው ይጻፉ፤ ከነዚህ ፕሮግራሞች አንዳንዶቹ በአማርኛ ፊደል የተጻፈ ስም ያደናግራቸዋል። ሃርድ ዲስኩ ላይ ቢያንስ 15 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ይኑር፣ ጊዜያዊ ፋይሎቹ ቦታ ይበላሉና። የክርስትናው ቪዲዮ ከአዲስ ስልክ የመጣ ስለሆነ ሁለት ጣጣ ሊኖርበት ይችላል። አንደኛው ኤችኢቪሲ በሚባለው አዲስ ዘዴ ተቀርጾ ከሆነ የቆየ ፕሮግራም አይከፍተውም። ሁለተኛው፣ ስልክ በሰከንድ የሚያነሳውን የምስል ቁጥር እንደ ብርሃኑ ከፍና ዝቅ ያደርገዋል፤ ወደ ዲስክ ሲለወጥ መጀመሪያ ላይ ድምፁ ልክ ይሆንና ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቄሱ አፋቸውን ሲዘጉ ድምፃቸው ገና ይመጣል። ለሁለቱም መድኃኒቱ ሃንድብሬክ የሚባል ሌላ ነጻ ፕሮግራም ነው፤ ፋይሉን እዚያ ከፍተው «ኤች 264» እና «ኮንስታንት ፍሬምሬት» መርጠው እንደገና ያስወጡት።

አሁን ዲቪዲ ስታይለርን ይክፈቱ። አዲስ ፕሮጀክት ሲጀምሩ የዲስኩን መጠን 4.7 ጊጋባይት፣ የምስሉን ቢትሬት (ለእያንዳንዱ ሰከንድ የሚሰጠውን የመረጃ መጠን) «አውቶ»፣ ድምፁን «ኤሲ 3» በ48 ኪሎኸርዝ ያድርጉት። የምስሉ ቅርጽ ለስልኩ ቪዲዮ 16 ለ 9፣ ከድሮው የቪኤችኤስ ካሴት ለተቀዳው ሰርግ ደግሞ 4 ለ 3 ነው። እዚህ ከተሳሳቱ ዲስኩ ይጫወታል፣ ግን ሙሽሮቹ ወይ ይወፍራሉ ወይ ይቀጥናሉ። ቴምፕሌት (የተዘጋጀ የሜኑ ንድፍ) ሲጠይቅዎት ያለ ቴምፕሌት ይቀጥሉ። አክስቴ ሪሞቱን ይዛ ሜኑ ላይ መንከራተት አትወድም፤ ገብቶ ቀጥታ ቢጀምርላት ይሻላል።

ቀጥሎ ያለው ግን ረጋ ብለው የሚያስቡበት ነው። ፓል ወይስ ኤንቲኤስሲ ብሎ ይጠይቅዎታል፤ ሁለቱ የቴሌቪዥን ምስል ሥርዓቶች ናቸው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የተለመደው ፓል ነው፤ 720 በ576፣ በሰከንድ 25 ምስል። የአሜሪካው ኤንቲኤስሲ 720 በ480 ሆኖ በሰከንድ 29.97 ምስል ያሳያል። እኛ አገር የሚሸጡት ዴኮች አብዛኞቹ ሁለቱንም ያጫውታሉ፤ አሜሪካ ከተገዙት ግን ብዙዎቹ ፓል አይቀበሉም። አሜሪካ ላለችው እህቴ የሚላከው ያለ ጥያቄ ኤንቲኤስሲ ይሁን። የስልኩን ቪዲዮ ደግሞ ለአክስቴም ቢሆን በኤንቲኤስሲ እንዲሞክሩት እመክራለሁ፤ ስልክ አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 30 ምስል ስለሚያነሳ ወደ 25 ሲወርድ እስክስታው ይንገጫገጫል። የካሴቱ ሰርግ አገር ቤት በፓል የተቀረጸ ስለሆነ ለአገር ቤቱ ዲስክ ፓል ሆኖ ይቆይ። የአክስቴ ቴሌቪዥን የድሮው ባለ ቀፎ ከሆነና ኤንቲኤስሲው ጥቁርና ነጭ ሆኖ ከመጣ፣ ለሷ ሁሉንም ፓል ያድርጉት። ሪጅን ኮድ የሚባለው፣ ዲስክ በየትኛው አገር ዴክ እንደሚጫወት የሚወስነው፣ በቤት ለተሠራ ዲስክ አያሳስብም፤ ለሁሉም ክፍት ነው።

አንድ ዲስክ ላይ ስንት ሰዓት ይግባ ካሉ፣ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ድረስ ምስሉ ያምራል፤ ሁለት ሰዓት በሰከንድ ወደ 5 ሜጋቢት ይደርሰውና አሁንም ደህና ነው። ሦስት ሰዓት ከጨመቁበት ወደ 3.5 ይወርዳል፤ ያኔ ጭፈራው ላይ ምስሉ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን እየሆነ ይሰባበራል። ሰርጉን ለሁለት ዲስክ ይክፈሉት። ዲስኩ ላይ 4.7 ተብሎ የተጻፈው ኮምፒውተሩ ላይ 4.38 ሆኖ የሚታየው አምራቾቹ በ1000፣ ዊንዶውስ ደግሞ በ1024 ስለሚቆጥሩ ነው፤ አላጭበረበሩዎትም። እስከ ጫፍ ግን አይሙሉት። ዲስክ የሚጻፈው ከመሐል ወደ ዳር ነው፤ ርካሽ ዲስክ ደግሞ የሚበላሸው ዳሩ ላይ ነው። ሁልጊዜ መጨረሻው አካባቢ የሚቆም ዲስክ ካጋጠመዎት ምክንያቱ ይኸው ነው። 4.2 አካባቢ ላይ ይቁሙ።

በርን የሚለውን ሲጫኑ «ጀስት ጄነሬት» የሚለውን ይምረጡ፤ ፎልደሩን ሃርድ ዲስኩ ላይ ያዘጋጅልዎታል። በቆየ ኮምፒውተር ሰዓታት ሊፈጅ ስለሚችል ማታ ከፍተውት ቢተኙ ይሻላል። ሲያልቅ የተሠራውን «ቪዲዮ ቲኤስ» ቪኤልሲ በሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ፕሮግራም ከፍተው መጀመሪያውን፣ መሐሉንና መጨረሻውን ይዩ፤ ድምፁ ከከንፈር ጋር መሄዱን በተለይ መጨረሻው ላይ ያረጋግጡ። እዚህ ላይ የተበላሸ ነገር ዲስክ ላይ ሄዶ አይድንም።

ከዚያ ኢምግበርንን ከፍተው «ራይት ፋይልስ ፎልደርስ ቱ ዲስክ» ይበሉና «ቪዲዮ ቲኤስ»ን እንዳለ ይጎትቱበት። የቪዲዮ ዲስክ መሆኑን ያውቅና የፋይል ሲስተሙን ላስተካክል ብሎ ይጠይቃል፤ «የስ» ይበሉት። ዲስኩንም ራሱ ይዘጋዋል። ፍጥነቱን «ማክስ» ላይ አይተዉት። 16 ጊዜ ለሚል ዲስክ 8 ወይም 4 ይበቃዋል፤ በ4 ሙሉ ዲስክ 15 ደቂቃ ያህል ነው፣ ምን አስቸኮለን? «ቬሪፋይ» የሚለው ላይ ምልክቱ ይኑር፤ ጽፎ ሲጨርስ መልሶ እያነበበ ያመሳክራል።

መብራት ከሄደ አንድ ጊዜ ብቻ የሚጻፍ ዲስክ ሞተ ማለት ነው፤ ካቆመበት አይቀጥልም። ስለዚህ ይህን ሥራ ባትሪው በሞላ ላፕቶፕ ይሥሩት፤ በዴስክቶፑ ከሆነ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው በባትሪ የሚያቆየው) ይኑረው። ስታቢላይዘር ቮልቴጅ ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲጠፋ አያቆየውም።

ዲስኩን በተመለከተ፣ የመጀመሪያ ሙከራዎን እየተሰረዘ በሚጻፈው ባለ «አርደብሊው» ያድርጉት። ዴኩ ካነበበው እሰዬው፤ ካላነበበው ግን ተስፋ አይቁረጡ፣ አርደብሊው ብርሃን የሚመልሰው በጥቂቱ ስለሆነ የቆየ ዴክ ያልፈዋል። ለመጨረሻው ቅጂ «ዲቪዲ ማይነስ አር» ይግዙ፤ አሮጌ ዴክ «ዲቪዲ ፕላስ አር» ከሚባለው ይልቅ ብዙ ጊዜ ማይነሱን ይቀበላል። ወረቀት አይለጥፉበት፣ ሲሽከረከር ሚዛኑን ያዛባዋል። በእስክሪብቶም አይጻፉበት፤ ለስላሳ ማርከር ይበቃል።

አሁን ራይተሩ ራሱ የታመመ እንደሆነ። በርን ማድረጉ ገና ሲጀምር «ፓወር ካሊብሬሽን» የሚል ስህተት ካመጣ፣ ሌዘሩ ለዚያ ዲስክ የሚሆነውን ኃይል መምረጥ አቅቶታል። የሌላ አምራች ዲስክ ይሞክሩ። ከሁለት ሦስት ዓይነት ሁሉንም እምቢ ካለ ወይ ሌንሱ ቆሽሿል ወይ ሌዘሩ ደክሟል። ሲዲ አንብቦ ዲቪዲ እምቢ ቢል አይገረሙ፤ ለሲዲ የ780፣ ለዲቪዲ የ650 ናኖሜትር ሌዘር ነው ያለው፣ አንዱ ሞቶ ሌላው ሊኖር ይችላል። በላፕቶፑ ወይም በውጪው ስስ ራይተር ላይ ትሪው ሲወጣ ሌንሱ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ የፎቶ ካሜራ አቧራ በሚነፋበት ጎማ እፍ ያድርጉት፣ ካልበቃው የጥጥ እንጨት ጫፍ በኢሶፕሮፒል አልኮል ትንሽ አርጥበው ሳይጫኑ ያሳልፉበት። በቀጭን ሽቦ የተንጠለጠለ ስለሆነ ከጫኑት ይጣመማል። በአፍ አይንፉት። የዴስክቶፑ ግን ሌንሱ ውስጥ ቀርቶ ትሪው ብቻ ስለሚወጣ አይፍቱት።

የውጪው ራይተር መሐል ላይ ጠቅ ጠቅ እያለ ከጠፋ የጎደለው ኃይል ነው። አንድ የዩኤስቢ 2 ቀዳዳ የሚሰጠው 500 ሚሊአምፔር ሲሆን ሲጽፍ ከዚያ በላይ ሊፈልግ ይችላል። ሁለት ራስ ባለው ኬብል ሁለት ቀዳዳ ላይ ይሰኩት፤ ማከፋፈያ ላይ ከሆነም ነቅለው በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ይሰኩት። ደግሞ የትሪው ፊት ላይ ያለውን ምልክት ያንብቡልኝ። «ዲቪዲ» ብሎ ከሥሩ «ሮም» ብቻ የሚል ከሆነ ዲቪዲ ያነባል እንጂ አይጽፍም፤ ያኔ ነው አዲስ የሚገዛው።

ኢምግበርን ስህተት ሲያወጣ የሚጻፈውን መስመር «ኦኬ» ከማለትዎ በፊት በስልክ ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ፤ በመቶ ስንት ላይ እንደቆመም ይጻፉልኝ። ዴኩ ከኋላው ወይም ከሥሩ ያለውን የሞዴል ቁጥርም እንዲሁ፤ የዩኤስቢ ቀዳዳ ያለው ከሆነ ለአክስቴ በፍላሽ የምናደርግበት ሌላ መንገድ አለ። ዋናዎቹን ቪዲዮዎች ግን ዲስክ ሠራሁ ብለው ከሃርድ ዲስኩ እንዳያጠፏቸው።

እማማን ሰላም ይበሉልኝ።

ልጅዎ