ይድረስ ለአባባ፣ መሐል ሜዳ

ለምወድዎት አባቴ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ስልኩ እምቢ ስላለኝ ነው ወደ ወረቀት የተመለስኩት። ደብዳቤውንም መድኃኒቱንም ጥላሁን ያደርስልዎታል።

ማርቆን የፊት ጥርሷ ወልቆ ጣራ ላይ ወርውራዋለች፤ አዲሱን ለአያቴ ነው የማሳየው እያለች ነው። ናሆም ወደ ሰባተኛ ክፍል አልፏል። ስንተኛ እንደወጣ ግን ባይጠይቁት ይሻላል።

እሱ ክረምቱ ሲገባ እዚያ ሰንብቶ ሲመለስ አንድ ነገር ነገረኝ። እንዳይቆጡት። ሳጥንዎ ውስጥ፣ በነጠላ ጫፍ የተቋጠረ ክኒን አግኝቶ ቆጥሮታል። ማለቅ ከነበረበት ግማሹ አለ።

መንገድ ተዘግቶ የነበረ ጊዜ እንዳያልቅብዎት ሲያብቃቁ ለምደውት እንደሆነ ይገባኛል። ጎተራውን እየሰፈሩ ክረምት ያሻገሩን ሰው ነዎት። ይሄ ግን እህል አይደለም፣ አባባ። ክኒኑ፣ ታክሮሊመሱ፣ ከደም ውስጥ እየሳሳ ስለሚሄድ ነው ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ማታ አንድ ሰዓት የተባለው። የማታው ሲቀር ሰውነትዎ የሰው ኩላሊት መሆኑን ይነቃበታል፤ ባዕድ ነው ብሎ ይነሳበታል። ክፋቱ ደግሞ አያምም። ምግብ እየተበላ፣ ሽንት እንደልብ እየመጣ ውስጥ ውስጡን ይጎዳል፤ የሚያሳብቀው የደም ምርመራው ነው። ባለፈው ክሬቲኒኑ፣ ኩላሊት የሚያጣራው ቆሻሻ፣ በደምዎ ከፍ ብሎ ዶክተሩ ሲጠይቅዎት «ኧረ አንድም ቀን አላስተጓጎልኩ!» አሉት። እኔም አጠገብዎ ተቀምጬ አመንኩ።

ፍልሰታን ጻድቃኔ ማርያም ሱባኤ ሊገቡ ነው አሉ። አልከለክልዎትም፤ ብከለክልስ መቼ ሰምተውኝ ያውቃሉ። የነፍስ አባትዎ ግን መድኃኒት ጾም እንደማያስፈታ እኔ ባለሁበት ነግረውዎታል። ጸበሉንም ክኒኑን እንደዋጡ ወዲያው አይጠጡ፤ ካስመለስዎት አብሮ ይወጣል።

ልጽፈው ያልፈለግኩት ነገር አለ። ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. ንቅለ ተከላ ጀመረ ሲባል በሬዲዮ ሰምተው «የሰው አካል በሰው ገላ ይበቅላል?» ብለው የሳቁት እርስዎ፣ በኋላ ከዚያው ድነው ሲገቡ በግ ታርዶ ዝክር ተዘከረ። ተነስተው እግዚአብሔርን አመሰገኑ፣ እመቤታችንን፣ ሐኪሞቹን። ብር የላከውን ወንድሜን ስሙን ጠርተው መረቁ። እኔ ጎኔን በመቀነት አስሬ ጓዳ እንጀራ ሳጥፍ እሰማ ነበር። የእኔ ስም እስኪደርስ ጠበቅኩ። እማዬ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ፊቴን አይታ «አንቺ ደግሞ! ለአባትሽ እኮ ነው» አለችኝ። ለአባቴ መሆኑን መቼ አጣሁት?

እስከ ዛሬም ሰው ሲጠይቅዎት «ሐኪም ቤት አደረጉልኝ» ይላሉ አሉ። ከሴት ልጅ መቀበል ነውር ሆኖብዎት ነው ወይስ ዕዳው ከብዶዎት? ይመልሱልኝ ብዬ አይደለም። ግን ክኒኑ በነጠላ ተቋጥሮ መቀመጡን ስሰማ ያመመኝ ጎኔ ነው። ያኔ ከኩላሊት እጥበት ሲወጡ በር ላይ ደግፌ የምይዝዎት እኔ ነበርኩ፤ መናገር እንኳ ያቅትዎት ነበር። ወደዚያ መመለስዎን ማየት አልችልም። ሌላ የምሰጥዎትም የለኝም።

ተቆጣሁ መሰለኝ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የላክሁት የወር ትርፍ ስላለበት መንገድ ቢዘጋም አይቆጥቡት። ክኒኑን ከማሸጊያው አያውጡት፣ እርጥበት አይወድም። የተዘነጋ ካለ በማግስቱ ደርበው እንዳይውጡ። ለጉልበትዎ ሕመም ብለው ዳይክሎፌናክ የሚባለውን ማስታገሻ አይግዙ፤ ኩላሊቱን ይጎዳዋል። ናሆም የሞላልዎትን የስልክ ደወልም አያጥፉት፤ ኔትወርክ ባይኖርም ይጮኻል።

ነሐሴ መጨረሻ ለምርመራ ሲመጡ እኔ ጋ ነው የሚያድሩት። ደም የሚሰጡበት ቀን የጠዋቱን እቤት አይውጡት፤ በኪስ ይዘነው እንሄድና ደሙ እንደተቀዳ ይውጡታል። ደብረ ብርሃን ሲደርሱ ስልኩ ከሠራ ይደውሉልኝ፤ ላምበረት መናኸሪያ እጠብቅዎታለሁ።

ልጅዎ አስካለ