የወንድሜን እጆች ላተረፋችሁልን ሁሉ

ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች፣ ወንድሜን ብርድ መታው ሲባል ለደወላችሁም ቤት ድረስ ለመጣችሁም ለየብቻ መመለስ ስላቃተኝ እዚሁ ልጻፈው ብዬ ነው። አልሀምዱሊላህ እጆቹ ደህና ናቸው፣ ቆዳው ትንሽ ተላጠ እንጂ ሌላ የለውም።

ምን ሆኖ ነው ላላችሁኝ፣ ልጁ እቃ በሞተር ያደርሳል፣ ጉጉፍቱ አድሮ ገና ሳይነጋ ወደ ደሴ ተነሳ፣ ታህሳስ ነው፣ ሳሩ ላይ ውርጩ ነጭ ብሏል፣ መንገድ ላይ ቦይ ውስጥ የገባ አይሱዙ አይቶ ሊያግዝ ወርዶ ጎማ ስር ድንጋይ ሲያስገባ ጃኬቱ እስከ ክርኑ ራሰ። እኛ የኮምቦልቻ ልጆች ደግሞ የምንለብሰው ለኮምቦልቻ ነው፣ ኮምቦልቻ ከባህር ወለል 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፣ ጉጉፍቱ ከ3,000 በላይ ነው። በዛ ላይ የሞተር ንፋስ አለ፣ አየሩ ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ቢሆን በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ስትነዳ ሰውነትህ የሚሰማው ከዜሮ በታች 10 ያህል ነው፣ እርጥብ እጅጌ ሲጨመርበት ሙቀቱን ጨርሶ ይወስደዋል።

መጀመሪያ አቃጠለው፣ ወጋው፣ ከዛ ህመሙ ጠፋ። ይሄን ስሙኝ፣ ህመሙ ሲጠፋ ተሻለኝ ማለት አይደለም፣ ደነዘዘ ማለት ነው፣ ያኔ ነው መቆም ያለበት። ጣቶቹ ፍሪሲዮን መያዝ ሲያቅታቸው መንገድ ዳር ካለ ቤት ገባ፣ ክንዱ አመድማ ሆኖ ሰም መስሏል።

ሰዉ በደግነት ተሯሯጠ፣ አንዱ እሳት አቀጣጠለ፣ አንዱ በአረቄ እንሸው አለ። እዛ የነበረችው የጤና ኤክስቴንሽን ሰራተኛ ናት ያዳነችው፣ አይታሽም እሳትም አይጠጋም ብላ ሁሉንም አስቆመች። የደነዘዘ ቆዳ ሲቃጠል አይሰማውም፣ መታሸቱ ደግሞ የተጎዳውን ስጋ ይብስ ይጎዳዋል። አረቄ ቢጠጣም ለጊዜው ሞቀኝ ያስብላል እንጂ የሰውነትን ሙቀት ያስወጣል። እርጥቡን ልብስ አወለቀችለት፣ ሰዓትና ቀለበቱን ሳያብጥ አወጣች፣ ጋቢ አልብሳ እጆቹን እስከ ክርን ለብ ባለ ውሃ ነከረችለት፣ ውሃውን በራሷ ክርን እየለካች፣ ሲቀዘቅዝ እየጨመረች ግማሽ ሰዓት ያህል አብራው ተቀመጠች። ደሙ ሲመለስ ቆዳው ቀላ፣ ልጁ በህመም ጮኸ፣ እሷ ግን «አብሽር ወንድምዬ፣ ይሄ የመመለሱ ህመም ነው» ትለው ነበር። እህቴ፣ ስምሽን አልጽፍም ግን እናታችን በየሶላቷ ዱዓ ታደርግልሻለች።

አይሱዙው ከቦዩ ሲወጣ ሹፌሩ ደርሶባቸው ሞተሩንም እሱንም ጭኖ ደሴ ሆስፒታል አደረሰልን፣ አምስት ሳንቲም አልቀበልም አለ፣ ጋሼ አላህ ይስጥዎ። ክንዶቹን ደግሞ እንዳይበርደው በደረቅ ጨርቅ ጠቅልለው ነው ያመጡት፣ የሞቀ ቆዳ መልሶ ከቀዘቀዘ ከመጀመሪያው ይከፋል ብላቸው ነበር። የድንገተኛ ክፍል ሀኪሞችና ነርሶች፣ እናንተንም እናመሰግናለን፣ ጉዳቱ ላይ ላዩን ቆዳ እንደሆነ፣ ውሃ ከቋጠረ እንዳያፈርጠው፣ ቆዳው ከጠቆረ ወይ ድንዛዜው አልለቅ ካለ ቶሎ እንዲመለስ፣ ክንዱ ከእንግዲህ ብርድ ቶሎ እንደሚሰማው፣ ሲጋራም የደም ስር ስለሚያጠብ እንዲተው ሁሉንም በትዕግስት አስረዳችሁን።

የሞተር ልጆች፣ ለመድሀኒት ያዋጣችሁት ተርፏል፣ ወንድሜ በሱ ወፍራም ጓንትና ንፋስ የማያስገባ የእጅጌ መሸፈኛ ይገዛ ብሏል፣ ጉጉፍቱና ኩታበር ለሚመላለሱት። ጠባብ እንዳይሆን፣ ደም ይከለክላል። ሌላ ደረቅ እጅጌ በፌስታል ጠቅልላችሁ ያዙ፣ ከራሰ ወዲያው ለመቀየር። ገንዘቡ እኔ ጋ ነው፣ የእጃችሁን ልክ ላኩልኝ።