ሉቻኖን ስናስታውስ ዋንጫውን ብቻ አንያዝ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የቀድሞ የብሔራዊ ቡድን ተጫዋች ባረፈ ቁጥር የሚወጣው የመታሰቢያ ጽሑፍ፣ ስሙ ብቻ ቢቀየር ለሌላውም ሟች ሊያገለግል የሚችል እየሆነ መምጣቱን ከታዘብኩ ቆየሁ። በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫን ያሸነፈው የኢትዮጵያ ቡድን አምበል ሉቻኖ ቫሳሎ መስከረም 6 ቀን 2015 ዓ.ም. በ87 ዓመቱ ሮም ላይ ሲያርፍም ያየነው ይኸንኑ ነው። ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ዋንጫውን ሲቀበል የሚያሳየው ፎቶግራፍ ወጣ፣ ከሥሩ «ነፍስ ይማር» ተባለ፣ በዚያው ተዘጋ። ዛሬም ጥር በመጣ ቁጥር ስሙ የሚነሳው ከዚያው ፎቶግራፍ ጋር ነው። በፎቶግራፉ ቅር አልሰኝም፤ እኔም አይቼው አልጠግብም። ነገር ግን ኳስ ተጫዋች በደጋፊ ዘንድ ሊታወስ የሚገባው በእግሩ በሠራው ሥራ እንጂ ዋንጫ በተቀበለባት ቅጽበት ብቻ አይመስለኝም።

ያቺ ዕለት ራሷ እንኳ በአግባቡ አልተተረከችም። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም በተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ የኢትዮጵያ ቡድን የገጠመው፣ ከዚያ በፊት የተደረጉትን ሁለቱንም የአፍሪካ ዋንጫዎች የወሰደውንና በወቅቱ የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ በሚለው ስም የቀረበውን የግብፅን ቡድን ነበር። በ35ኛው ደቂቃ ባደዊ ለግብፅ አስቆጠረ። የእኛ ቡድን ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዘጠኝ ደቂቃ ሙሉ ሲመራ ቆይቶ፣ በ74ኛው ደቂቃ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ። ስታዲየሙ ደስታውን ሳይጨርስ በ75ኛው ደቂቃ ያው ባደዊ ደገመው። ኳስ የተጫወተ ሰው እንደሚያውቀው፣ ለፍቶ አቻ ሆኖ በደቂቃ ልዩነት እንደገና መመራት ከመጀመሪያው መመራት ይልቅ ጉልበት ይሰብራል። አምበሉ ሉቻኖ በ84ኛው ደቂቃ ያስቆጠራት ጎል እዚህ ላይ የመጣች ናት። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ በ101ኛው፣ መንግሥቱ ወርቁ በ117ኛው ደቂቃ ጨመሩና ውጤቱ 4 ለ 2 ሆነ።

ብዙ ሰው ሲያወራው ሉቻኖን የማሸነፊያዋ ጎል ባለቤት ያደርገዋል፤ አልነበረም። ለእኔ ግን ያቺ የአቻነት ጎል ከማሸነፊያ ትበልጣለች፤ እሷ ባትኖር ኢታሎና መንግሥቱ የሚያስቆጥሩበት ተጨማሪ ሰዓት አይኖርም ነበርና። አምበልነት ምን ማለት እንደሆነ ለልጆች ማስረዳት የሚፈልግ አሠልጣኝ ካለ፣ ዋንጫው ከፍ ያለበትን ፎቶግራፍ ከሚያሳያቸው ይልቅ በ75ኛውና በ84ኛው ደቂቃ መካከል ያለውን ጊዜ ቢተርክላቸው ይሻላል።

ሁለተኛው ቅሬታዬ፣ ሉቻኖ ስድሳ ዓመት ሙሉ የአንድ ቀን ተጫዋች ሆኖ መቅረቱ ነው። በአስመራ ተወልዶ፣ ኳስን እዚያው ጀምሮ፣ ኋላ ኮተን እየተባለ በሚጠራው የድሬዳዋ የጥጥ ፋብሪካ ቡድን የተጫወተና በ1950ዎቹ ደጋግሞ የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ካሸነፈው ከዚያ ቡድን ጋር ስሙ የሚነሳ ሰው ነው። ድሬዳዋ የሉቻኖን ሥራ ያየችው በዓመት አንዴ አልነበረም። በ1960 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ እንደገና ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣና ውድድሩ በአዲስ አበባና በአስመራ ሲካሄድ፣ በ32 ዓመቱም ተሰልፎ አስቆጥሯል። ያ ቡድን ዩጋንዳን፣ አይቮሪ ኮስትንና አልጄሪያን አሸንፎ ለግማሽ ፍጻሜ ደርሶ በተጨማሪ ሰዓት በኮንጎ 3 ለ 2 ተሸነፈ። ዋንጫ ስላልመጣ ፎቶግራፉን የሚለጥፍ የለም፤ ይሁን እንጂ በዚያ ዕድሜ የነበረውን አጨዋወት ያዩ ሰዎች ስለ 1954ቱ ከሚያወሩት የማያንስ የሚነግሩን ነገር እንዳላቸው አልጠራጠርም።

የደጋፊውን ትዝታ ከሌላው ማስረጃ ሁሉ አስበልጬ የማየው በምክንያት ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ ዋንጫው ከተበላ ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ ማለት ነው። ስለዚህ ስለ ሉቻኖ ምርጥ ዓመታት ያለን እውቀት በአመዛኙ የሚገኘው በስታዲየሙ ተገኝተው ካዩ ሰዎች ነው። ያኔ የአሥራ አምስት ዓመት ጎረምሳ ሆኖ ከአጥር ሥር የተጋፋ ልጅ ዛሬ ወደ ሰማንያ ዓመቱ ነው። ተጫዋቾቹ ሲያርፉ ቢያንስ ዜና ይሆናሉ፤ ያዩዋቸው ተመልካቾች ግን የያዙትን ይዘው በየሰፈራቸው በጸጥታ እየተሰናበቱ ነው።

የደጋፊ ወሬ ይጋነናል የሚል መልስ እንደሚሰጠኝ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ ይጋነናል። በአዲስ አበባ ስታዲየም የደጋፊ መቀመጫዎች፣ ካታንጋም ሆነ ሚስማር ተራ ተቀምጦ የሽማግሌዎችን ጨዋታ ያዳመጠ ሰው፣ አንዲት ጎል ከዓመት ዓመት ከመሐል ሜዳ እየራቀች ስትመታ ሰምቷል፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ከራሱ በረኛ አጠገብ ሳትመታ አትቀርም። መፍትሔው ግን ዝም ማለት አይደለም። ጋዜጠኛው ጎሉ በስንተኛው ደቂቃ እንደገባ ከመዝገብ ይውሰድ፤ አዛውንቱን የሚጠይቀው መዝገብ የማይዘውን ይሁን። ሉቻኖ በየትኛው ቦታ ሲሰለፍ ይበልጥ ያስፈራ ነበር? ቡድኑ ሲመራ ይቆጣል ወይስ ያረጋጋል? ኳስ ከመድረሷ በፊት ወዴት ያይ ነበር? የሁለት ሰዎች ምስክርነት ካልተስማማ ሁለቱም ይጻፍ፤ ማን በዓይኑ እንዳየ፣ ማን ከሌላ እንደሰማም ይለይ። አንባቢ ልዩነቱን ማመዛዘን አያቅተውም።

ስለ ሉቻኖ ሲነሳ ሳይጠቀስ የማይታለፍ፣ ብዙዎች ግን የሚሸሹት አንድ ጉዳይ አለ። እናቱ ኤርትራዊት፣ አባቱ ጣሊያናዊ ነበሩ፤ የለበሰው የኢትዮጵያን መለያ ነው፤ ከአብዮቱ በኋላ ወደ ጣሊያን ሄዶ ሕይወቱ ያለፈው እዚያ ነው። ባረፈ ጊዜም የእኛ ነው፣ የእነሱ ነው የሚል ሙግት ሐዘኑን ሲሸፍነው ታዝቤአለሁ። በፍጻሜው የተሰለፉት የአሥራ አንዱ ተጫዋቾች ስም ራሱ ለዚህ ሙግት መልስ ይሰጣል፦ ጊላሚካኤል ተክለማርያም፣ ክፍሎም አርአያ፣ አስመላሽ በርሄ፣ በርሄ ጎይቶም፣ አዋድ መሐመድ፣ ተስፋዬ ገብረመድኅን፣ ግርማ ተክሌ፣ መንግሥቱ ወርቁ፣ ሉቻኖ ቫሳሎ፣ ኢታሎ ቫሳሎ፣ ጌታቸው ወልዴ። አስመራ ያለ ደጋፊ ሉቻኖን የከተማዬ ልጅ ብሎ ቢያለቅስለት፣ ድሬዳዋ ያለው የኮተናችን ቢለው፣ አዲስ አበባ ያለው አምበላችን ቢል፣ ማን ከማን ምን ወሰደ? ድንበርና ፖለቲካ የራሳቸው መድረክ አላቸው፤ የሙት መታሰቢያ ላይ ባይገቡ ደስ ይለኛል።

በሌሎቹም ላይ የደረሰው ከዚህ አይለይም። መንግሥቱ ወርቁ በ2003 ዓ.ም. ሲያርፍ የጎል አዳኝነቱ በሰፊው ተወራ፤ ሊወራም ይገባው ነበር። ነገር ግን በ1974 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድኑን ይዞ ሊቢያ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ የተሳተፈው አሠልጣኝ እሱ እንደነበርና ከዚያ በኋላ ወደዚያ መድረክ ለመመለስ እስከ 2005 ዓ.ም. ድረስ እንደጠበቅን ያስታወሰ ጥቂት ነው። አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ደግሞ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንትነታቸው ስለሚገን፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች ሆነው ሜዳ ላይ የነበራቸው ችሎታ ከሞላ ጎደል ተረስቷል።

ስለሆነም ለዝግጅት ክፍሉ የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። በ1954ቱም ሆነ በ1960ው ውድድር ስታዲየም ገብተው ያዩ፣ ወይም ተጫዋቾቹን በክለብ ጨዋታ በቅርብ የሚያውቁ አንባቢዎች ትዝታቸውን የሚልኩበት ወይም ደውለው የሚያስመዘግቡበት ቋሚ ዓምድ ይከፈት። መጻፍ የማይችሉ አዛውንቶችን ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ቀርፀው እንዲልኩ ይጠየቁ፤ ስልክ የሌለው ቤት ዛሬ ጥቂት ነው። የቡድኑ ፎቶግራፍ በወጣ ቁጥርም ከሥሩ «ሉቻኖና ጓደኞቹ» ከማለት ይልቅ የሁሉም ስም በየቆሙበት ቅደም ተከተል ይጻፍ። ይህን ሥራ ለመጀመር የሌላ ተጫዋች መርዶ መጠበቅ የለበትም። ከየት እንጀምር ከተባለ ደግሞ ከአዲስ አበባ በፊት ከድሬዳዋ ቢሆን እመርጣለሁ፤ የፍጻሜውን ጨዋታ ታሪክ ከሞላ ጎደል ይዘነዋል፤ ኮተን በሜዳው ሲጫወት ሉቻኖ ምን ይመስል እንደነበር ግን የሚነግሩን የዚያች ከተማ አዛውንቶች ብቻ ናቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የስፖርት ቤተሰብ