ባሕር ዛፉ ይቆይ፣ አባባ

ሐዋሳ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ የይርጋለምን ብርድ ቻለው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እማዬንም ሰላም ይበሉልኝ።

ወንድሜ ሰሞኑን መጥቶ፣ የጓሮውን ባሕር ዛፍ ለአጣና ነጋዴ ሊሸጡ እንደተነጋገሩ ነገረኝ። ውጭ አገር ሄጄ ሥዕል እንድሠራ፣ ለእኔ ጉዞ ነው አሉ። አባባ፣ አይሽጡ። የደብዳቤዬ ዋና ጉዳይ ይህ ስለሆነ ከፊት አስቀመጥኩት። ጆሮዬ ስለማይሰማ በስልክ በወንድሜ በኩል ብልከው ደግሞ ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል፤ እሱ ነገር ማሳጠር ይወዳል።

ያ ሠዓሊዎችን ለጥቂት ጊዜ እያሳደረ የሚያሠራው፣ «ተቀብለንሻል» ያለኝ የውጭ አገር ቦታ ደብዳቤው ያምራል። ማኅተም አለው፣ ስሜንም አላሳሳቱም። ወደ ታች ሲወርዱ ግን ለአንድ ወር ማደሪያና መሥሪያ ክፍል 1,800 ዶላር ክፈይ ይላል። ቲኬቱ፣ ቪዛው፣ ምግቡ በእኔ ነው። ስለ ምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ አንድም ቃል የለበትም። በሐምሌ 2016 የምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ዛሬ ከእጥፍ በላይ ሆኗል፤ ሒሳቡን እርስዎ ከእኔ በተሻለ ያውቁታል። ሌቦች ናቸው አልልም፤ ቤት አከራዮች ናቸው። ገንዘብ የሚያስከፍል ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴም አይደለም። ለጋሽ ስላልበቃቸው ከፊሉን እያስከፈሉ ለተወሰኑ ሠዓሊዎች ሙሉውን የሚሸፍኑ የተከበሩ ቦታዎች አሉ። እነዚህ ግን ባመለከትኩ ማግሥት ነው የተቀበሉኝ። የሥራዎቼን ፎቶ የከፈቱት አይመስለኝም።

«ታዲያ ማን ነው ለሠዓሊ ቤት ሰጥቶ፣ አብልቶ፣ በላዩ ገንዘብ ጨምሮ በነጻ የሚያኖር?» ብለዋል አሉ። ጥያቄዎ ልክ ነው፤ እኔም ብሆን እጠይቃለሁ። ግን አሉ። አምስተርዳም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1870 የተቋቋመ ራይክስአካደሚ የሚባል ቦታ አለ። ሕንፃው የድሮ የፈረሰኛ ጦር ሰፈር ነው። ከየአገሩ የመረጧቸውን ሠዓሊዎች እስከ ሁለት ዓመት ድረስ መሥሪያ ክፍልና መተዳደሪያ እየሰጡ ያቆያሉ። አሜሪካ፣ ኒው ሃምፕሸር ጫካ ውስጥ ደግሞ ከ1907 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ማክዶዌል የተባለ አለ፤ ለቆይታው አያስከፍልም። ምሳ በቅርጫት እያደረጉ በየመሥሪያ ክፍሉ ደጃፍ አስቀምጠው ይሄዳሉ፤ ሥራው እንዳይቋረጥ ብለው። እማዬ ይህን ስትሰማ «ቀዝቅዞ ሊበላ?» ማለቷ አይቀርም። ቀረብ ያለም አለ። የኦባማን ምስል የሣለው ኬሂንዴ ዋይሊ በ2019 እ.ኤ.አ. ዳካር፣ ባሕሩ ዳር ብላክ ሮክ ሴኔጋል የሚባል ቦታ ከፍቶ ሠዓሊዎችን ለጥቂት ወራት ያስተናግዳል።

ገንዘቡ ከሦስት ዓይነት ኪስ ይመጣል። አንዱ የመንግሥት የባህል በጀት ነው። ሌላው አንድ ባለጸጋ ወይም ቤተሰብ ባንክ አስቀምጦት ትርፉ ብቻ የሚወጣ ሀብት ነው። እንግሊዞች ደግሞ ከብሔራዊ ሎተሪያቸው ሽያጭ ለጥበብ ይመድባሉ። እርስዎ ስንት ዓመት ሙሉ የቆረጡት ሎተሪ እንዲህ ቢሆን ኖሮ ለእኔ ቀለም በተረፈ ነበር!

በምላሹ የሚጠይቁት ብዙ ጊዜ ቀላል ነው፤ ሰው መጥቶ ሥራዬን የሚያይበት አንድ ቀን፣ ስለ ሥራዬ አጭር ገለጻ፣ አልፎ አልፎም አንድ ሥዕል ትቶ መሄድ። የቅጂ መብቴን በሙሉ የሚወስድ ውል ካጋጠመኝ አልፈርምም። ውሉን ቃል በቃል እያነበብኩ ለወንድሜ አስረዳዋለሁ፤ ለእርስዎ ያነብልዎታል። እዚህ ላይ ግን እንዲያሳጥር አልፈቅድለትም።

የእርስዎ ዘመን ይህን ነገር በሌላ መልክ ያውቀዋል። አፈወርቅ ተክሌ በ1947 እ.ኤ.አ. ወደ እንግሊዝ የተላከው የማዕድን ምህንድስና እንዲማር ነበር፤ ሠዓሊ ሆኖ ተመለሰ። ገብረ ክርስቶስ ደስታ በነጻ የትምህርት ዕድል ጀርመን፣ ኮሎኝ ሄዶ ተምሮ መጥቶ እዚሁ አስተምሯል። ያኔ በራፉ ጠባብ ነበር፤ የተማረ፣ ቤተ መንግሥት ወይም ትምህርት ሚኒስቴር የሚያውቀው፣ አብዛኛውን ጊዜም ወንድ ነበር የሚያልፍበት። አሁን ማስታወቂያው በቴሌግራም ይወጣና አቶቴ ሰፈር ቤቴ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ። ማየትና መግባት ለየቅል መሆናቸው ግን አልቀረም።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደሚያሳስብዎት ልምጣ፤ «ጆሮዋ ሳይሰማ በሰው አገር እንዴት ትሆናለች?» ወደሚሉት። ማዘጋጃ ቤት ዕድሜዎን ከሒሳብ መዝገብ ጋር ያሳለፉ ሰው ነዎትና በበጀት ርእስ ላስረዳዎት። በአግባቡ የሚሠራ ቦታ የአስተርጓሚን ወጪ ከሠዓሊው ገንዘብ ላይ አይቀንስም፤ ራሱን የቻለ ርእስ ይከፍትለታል። የእንግሊዝ የጥበብ ምክር ቤት ከሎተሪው ገንዘብ ለፕሮጀክት ድጋፍ ሲሰጥ፣ አመልካቹ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ወይም ረዳት ካስፈለገው ያ ወጪ ለብቻው ተጨምሮ ይታያል፤ የሚጠየቀውን ገንዘብ ጣሪያ አይነካም። ርእሱ ባይለይ የሚሆነውን ያስቡት። ለሚሰማው ሠዓሊና ለእኔ እኩል አሥር አሥር ሺህ ቢሰጡን፣ ስድስቱ ሺህ ለአስተርጓሚ ከሄደ እሱ በአሥር ሺህ ቀለም ይገዛል፣ እኔ በአራት ሺህ። ወረቀቱ ላይ ግን እኩል ተሰጠን ይባላል። ኦዲተር ይህን አይቶ እንዴት ያልፋል?

ለንደን የ2012ቱን (እ.ኤ.አ.) ኦሊምፒክ ስታዘጋጅ አንሊሚትድ የሚባል ፕሮግራም ለአካል ጉዳተኛ አርቲስቶች የሥራ ገንዘብ መስጠት ጀመረ፤ ኦሊምፒኩ አልቆ እሱ ቀጠለ። ሼፕ አርትስ የተባለ፣ ራሳቸው አካል ጉዳተኞች የሚመሩት ድርጅትም በ2005 እ.ኤ.አ. ባረፈው ቀራፂ በአዳም ሬይኖልድስ ስም ድጋፍ ይሰጣል። እነዚህ በአብዛኛው እዚያው ለሚኖሩ ስለሆኑ አላመለክትባቸውም። የማነሣልዎት «ለመስማት የተሳነው ሰው ቦታ የለንም» የሚለኝን ሰው እንዳላምነው ያደረጉኝ እነሱ ስለሆኑ ነው። ቦታ የማዘጋጀት ጉዳይ ነው እንጂ የቦታ እጥረት አይደለም።

በማመልከቻ ቅጹ ላይ «ለመሥራት ምን ያስፈልግሻል?» የሚል ሣጥን አለ። ድሮ የማውቃቸው ብዙ ልጆች ይህን ባዶ ይተዉታል፤ ወጪ ከበዛ አይመርጡኝም ብለው። እኔ እሞላዋለሁ። ለመጀመሪያው ሳምንትና ሰው ለሚሰበሰብበት ዝግጅት አስተርጓሚ እጠይቃለሁ። የእኛ ምልክት ቋንቋ ከአሜሪካው ብዙ ቢወስድም አንድ አይደለም፤ ስለዚህ የሚናገሩትን ወዲያው ወደ ጽሑፍ የሚለውጥ ሰውም ይጨመርበታል። ማታ ለምተኛበት ክፍል ደግሞ በድምፅ ብቻ ሳይሆን ብርሃን እያብለጨለጨ የሚያስጠነቅቅ የእሳት ደወል። በልመና ቃል አልጽፈውም። አገራችን በ2010 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 30 የመፍጠር ችሎታችንን እንድንጠቀምበት ዕድል እንዲመቻችልን ይደነግጋል። ለእኛ ጥቅም ብቻ ሳይሆን ኅብረተሰቡን ለማበልጸግም ጭምር ይላል። ይህችን አነጋገር ወድጄያታለሁ።

አንድ ሌላ አጥር አለ፤ ስለ እሱ ፈረንጆቹ ቅጽ ላይ ሣጥን የለም። አገራችን ውስጥ ዕድሉ ሁሉ አዲስ አበባ ነው። የአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እዚያ፣ ጋለሪዎቹ እዚያ፣ የውጭ የባህል ተቋማቱ እዚያ፣ ኤምባሲው እዚያ። «ለጀማሪ ሠዓሊዎች የአንድ ቀን ሥልጠና፣ መግቢያ በነጻ» ይላል ማስታወቂያው፤ ከሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ሄዶ አድሮ ለሚመለስ ሰው የቱ ነው ነጻው? የትራንስፖርትና የአልጋ አበል የሌለው ሥልጠና ለአዲስ አበባ ልጆች ብቻ እንደተጠራ እቆጥረዋለሁ። ይህን ለአንድ አዘጋጅ ጽፌለት «አስተያየትሽን ተቀብለናል» አለኝ። ከዚያ በኋላ ዝም።

ሥራዬን ደግሞ ይጠይቁኛል ብዬ ልንገርዎ። የሠዓሊ ሸራ ዋጋው አይቀመስም፤ ስለዚህ አሮጌ የባጃጅ ጣሪያ ሸራ እየገዛሁ አጥቤ እወጥረዋለሁ። ስፌቱና ልጥፉ እንዳለ ይቀራል። አሁን የምሠራው ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ የሚበልቱትን ሴቶችና ከኋላቸው ተሰልፈው ተራ የሚጠብቁትን ትልልቅ ወፎች፣ አባ ኮዳዎችን ነው። አንዱን አባ ኮዳ ያየ ሁሉ የድሮ የቀበሌ ሊቀ መንበር ይመስላል ይለኛል፤ ሆን ብዬ አይደለም። የካፌ ግድግዳ መሣሉና ቅዳሜ ልጆች ማስተማሩ የቤት ኪራዬን ይሸፍናል። «ደመወዝ ያለው ሥራ» ያሉትንም አልረሳሁም። ይህ ድጋፍ ደመወዝ አይደለም፤ ያልቃል። ሲያልቅ ግን ሥዕሎቹ ይኖሩኛል፣ የሠራኋቸውን ያዩ ሰዎችም ስሜን ይይዛሉ። ቀጣዩ ማመልከቻ ላይ የሚጻፈው ይህ ነው።

ስለዚህ ለዚያ ቦታ «አልመጣም» ብዬ ጽፌያለሁ። ወጪ ለሚሸፍኑት ማመልከቻዎቼን እያዘጋጀሁ ነው። የሥራ ፎቶዎች ከነመጠናቸውና ከተሠሩበት ዓመት ጋር፣ ስለ ሥራዬ አንድ ገጽ ጽሑፍ፣ የምስክርነት ደብዳቤ ይፈልጋሉ። አንዳንዶቹ ገለጻውን በምልክት ቋንቋ ቀርጾ መላክ ይፈቅዳሉ፤ እሱ ላይ ጎበዝ ነኝ። አይመርጡኝ ይሆናል፤ ብዙ ሰው ነው የሚያመለክተው። ቢሆንም ያኔ የጠፋው ጊዜዬ ነው እንጂ የእርስዎ ዛፍ አይደለም።

ከእርስዎ የምፈልገው የልደት ምስክር ወረቀቴን ነው፤ ለፓስፖርት ይጠይቁኛል። ከሳጥኑ ውስጥ ከመሬት ካርታው ጋር ያለ ይመስለኛል። ወንድሜ ቅዳሜ ሲመጣ ዋናውንም ቅጂውንም ይስጡት፤ በፕላስቲክ ይጠቅልሉት፣ ሁልጊዜ የሚቀመጠው ከሚኒባሱ ጋቢና መስኮት ዳር ነው። ለአጣና ነጋዴው ደግሞ ቀብድ ከተቀበሉት አሁኑኑ ይመልሱለት።

ልጅዎ